ግባ ሲሉኝ ያልገባሁበት ቤት

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሬ እዚህም እዚያም ቢያነክስ አትፍረዱብኝ። ብትፈርዱም ግድ የለኝም፤ የምጽፈው እንድትወዱኝ አይደለም።

ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ሽማግሌ መጠበቅ ነው፤ እዚህ ኬርጊቨር ይሉታል። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ሐኪም ቤት ድራይቭ አደርጋለሁ። ይህ ነገር ሲደርስብኝ የምጠብቃቸው ሰው ሳንታ ሞኒካ የሚኖሩ ሚስተር አንድሪያስ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት ነበሩ። ስኳር አለባቸው፣ የመርሳት በሽታም አለባቸው። አንዳንድ ቀን የበሉትን ይረሳሉ፤ አንዳንድ ቀን ልጃቸውን ማሪያን «እህቴ» ይሏታል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ወደዱት፤ በጋሼ ስጠራቸው ቶሎ ይሰማሉ።

ጋሼ የተወለዱት ቆጵሮስ ደሴት ላይ ነው፤ ዋና ከተማዋ ኒኮሲያ ውስጥ። ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት። ደቡቡን ግሪኮቹ ይዘውታል፣ ሰሜኑን ቱርኮቹ። መሀሉ ላይ ማንም የማይኖርበት፣ ቤቱ የፈረሰ፣ የተባበሩት መንግሥታት ወታደር የሚጠብቀው ባዶ መሬት አለ። የጋሼ ቤት የቀረው በቱርኮቹ በኩል ነው። በወጣትነታቸው ጦርነት ሲመጣ በለበሱት ልብስ ብቻ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ አላዩትም። አሁን መሻገሪያ በር ተከፍቷል፣ ፓስፖርት ያሳየ በእግሩ ይሻገራል። ሁሉን እየረሱ ያንን ቤት ብቻ አልረሱትም። «ሳልሞት አንድ ጊዜ አሳዪኝ» እያሉ ማሪያን ዓመት ሙሉ ወጥረው ያዟት። በመጨረሻ ተሸነፈች፤ እኔም አብሬ እንድሄድ ተወሰነ።

ከመሄዴ በፊት ባለው ዓርብ ፌርፋክስ መንገድ ካሉት ያገሬ ሰው ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ ስበላ ተክሌ የሚባለው ወዳጄ መጣ። ታክሲ ይነዳል፤ አፉ አያርፍም።

«ቆጵሮስ? ሐዋርያው ጳውሎስ የሄደበት? አንተ ደግሞ ምን ልትሰብክ ነው?»

«ሽማግሌ ልጠብቅ ነው።»

«ወታደር የሚበዛበት አገር ነው አሉ። አንተ ደግሞ ፊትህ እንኳን ለወታደር ለእኔም ያስፈራል። ጥርስህን አሳያቸው፣ ኦኬ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወታደርና ወረቀት፣ ሁለቱንም እንደምፈራ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከመንገድ ታፍሼ በደርግ ጊዜ ወታደር ሆኛለሁ። አንድ ቀን አራት ሆነን ስንሄድ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ጣውላ ግንድ ላይ ተቸንክሮ አየን። አራታችንም ማንበብ አንችልም፤ አለፍነው። ከፊቴ ይሄድ የነበረው ልጅ እዚያው ፈንጂ ረግጦ እግሩን አጣ። ጣውላው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ኒኮሲያ በደረስን ማግስት ማሪያ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ፤ አባቷን በሚመለከት የጻፈችው መመሪያ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንብቤዋለሁ» ብዬ አጥፌ ኪሴ እከት ነበር። ያን ቀን ግን ሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ያላወቅሁትን ቃል ከስልኬ እየጠየቅሁ ጨረስኩት። ከሁሉ የገባኝ፣ ከሥሩ የተሰመረበት አንዱ መስመር ነው፦ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን አትተዋቸው፤ ተነስተው ይሄዳሉ።

«አንቺስ አትመጪም?» አልኳት።

«አልመጣም። አባቴ በተወለደበት ከተማ ላይ ለቱርኮቹ ፖሊስ ፓስፖርት አላሳይም። ቃል ገብቻለሁ። እሱ ይሂድ፣ ይየው። ጠዋት የስኳር መርፌውን ስለሚወጋ ከሰባት ሰዓት በፊት ምሳ መብላት አለበት። ከረሜላውና ጁሱ ቦርሳህ ውስጥ ይሁን። ስድስት ተኩል ላይ እዚህ ሁኑ።»

«እሺ።»

«አንብበኸዋል አይደል?»

«አንብቤዋለሁ» አልኩ። እውነት ነበር፤ ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተሻገርን። የገበያው መንገድ መሀል ላይ ድንገት ያልቃል፤ ትንሽ ጎጆ የምታህል ቢሮ አለች፣ ከዚያ የአበባ ማሰሮ የተደረደረበት ባዶ መንገድ፣ ከዚያ ሌላ ቢሮ። ግራና ቀኝ በርሜልና የአሸዋ ከረጢት ተቆልሏል። የፖሊሱ ጣት የፓስፖርቴን ገጽ ሲገልጥ ያልጠየቀኝን ስሜን ነገርኩት። የአሜሪካ ዜግነቴን ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ነው ያገኘሁት፤ ግን ዩኒፎርም ፊት ስቆም አሁንም ያ የታፈሰው ልጅ ነኝ። ጋሼ ግን እንደ ሙሽራ ናቸው። ኮት ለብሰዋል፣ ከዘራቸውን እየወዘወዙ «በዚህ! በዚህ!» ይሉኛል። የትናንቱን የማያስታውሱ ሰው ያንን ሁሉ ጠባብ መንገድ አንድም ሳይሳሳቱ መሩኝ።

ቤቱ ከመከፋፈያው መስመር አጠገብ ነው። ቢጫ ድንጋይ፣ ሰማያዊ በር። ጋሼ በሩን ሲያዩ እጄን ጨበጡኝ። እኔ አንኳኳሁ።

የከፈተችው ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ ሻሽ ያሰረች፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ጋሼ በግሪክኛ አንድ ነገር አሏት። ሴትዮዋ ቱርክ ናት፣ ግን በግሪክኛ መለሰችላቸው፤ ኋላ እንደነገረችኝ እሷም ልጅ ሳለች ከደቡቡ በኩል ተፈናቅላ የመጣች ናት። ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸውና ወደኔ ዞራ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «አንተም ግባ» አለችኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩና «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አልኩ።

እናንተ ታውቁታላችሁ። ማንም ያገሬ ሰው ያውቀዋል። የሰው ቤት በመጀመሪያው «ግባ» አይገባም። «አይ፣ ደህና ነኝ» ትላለህ፣ «ኧረ በሞቴ!» ትባላለህ፣ «አሁን በልቼ ወጣሁ» ትላለህ፣ እጅህን ይዘው ይጎትቱሃል፣ ያኔ እየተግደረደርክ ትገባለህ። የባለቤቱን ልብ የምታውቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። እኔም ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

ሴትዮዋ አየችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ያኔ አልገባኝም። «ኦኬ» አለች። በሩን ዘጋችው።

አንዲት ደቂቃ እንኳ አትተዋቸው የሚለውን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤ ከተዘጋ በር ፊት ቆምኩ።

ወዲያው ማንኳኳት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን «አልገባም» ብሎ እግር ሳያነሱ ማንኳኳት ምን ይባላል? አሁን ትጠራኛለች፣ አሁን ውሃ ይዛ ትወጣለች እያልኩ ቆየሁ። የጋሼ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፣ ይስቃሉ። ደህና ናቸው አልኩ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። የቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ተኩል። ከመንገዱ ጫፍ ቀይ ምልክት ይታየኛል፤ ጥቁር የወታደር ሥዕል አለበት፣ በብዙ ቋንቋ ተጽፎበታል። እንግሊዝኛውን አነበብኩት፦ ወታደራዊ ክልል፣ መግባት ክልክል ነው። ማንበብ መቻሌ ምንም አላጽናናኝም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ አንኳኳሁ።

ሴትዮዋ ከፈተች። እጇ ላይ ሰሃን አለ፣ ዋልነት የሚሉት የለውዝ ዓይነት በስኳር ተቀቅሎ።

«ጋሼስ?» አልኩ። በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት፣ «ሽማግሌውስ?»

«ካንተ ጋር አይደለም እንዴ?»

«ከኔ ጋር?»

«ጓሮ ሎሚ ዛፉን ሲያይ ትቼው ይህን ላመጣ ገባሁ። ስመለስ የለም። የጓሮው በር ክፍት ነው። ዞሮ አንተጋ ሄደ፣ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ አዘንኩ።»

«መቼ ነው የወጡት?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «ግማሽ ሰዓት...ከዚያም በላይ።»

አላስታውስም ምን እንዳልኩ። ብቻ እየገፋኋት ነው ያለፍኩት፤ ያ ሳይለመን የማይገባው ጨዋ ሰው አሮጊት ገፍትሮ ገባ። ጓሮው ትንሽ ነው፣ ሎሚው አለ፣ በሩ እንደተበረገደ ነው። ከበሩ ውጪ ቀጭን መንገድ አለ፤ በግራ ወደ ገበያ ይወስዳል፣ በቀኝ ሃያ እርምጃ ሄዶ በርሜልና ሽቦ ላይ ያልቃል። መጀመሪያ በግራ ሮጥኩ። ሱቁን ሁሉ ጠየቅሁ፤ «ሽማግሌ! ኮት! ከዘራ!» እያልኩ በእጄ እያሳየሁ። ሰው ይሸሸኛል። አንድ ፖሊስ ከሩቅ ሲያየኝ እግሬ በራሱ ወደኋላ ዞረ፤ እርዳታ ልጠይቀው የሚገባኝን ሰው ሸሸሁት። ስድስት ከሃያ። መርፌው ደማቸው ውስጥ አለ፣ ምግብ የለም፣ ከረሜላው እኔ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሳንታ ሞኒካ ስኳራቸው ወርዶ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ላብ፣ ከዚያ መንተባተብ፣ ከዚያ ዝም።

ስመለስ ሴትዮዋ በቀኝ በኩል ካለው ሽቦ አጠገብ ቆማ በሁለት እጇ ትጠራኛለች።

ሽቦው በአንድ ቦታ ወደ መሬት ረግቧል። ከሥሩ የጋሼ ከዘራ ወድቋል። ከሽቦው ባሻገር፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጣሪያው የወደቀ ቤት ደረጃ ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወርዷል።

«ጋሼ!» አልኩ። ለዚህ ስም ሁልጊዜ ይሰሙ ነበር። ቀና አላሉም።

ከበላያችን ካለው መጠበቂያ ማማ አንድ ወታደር ጮኸ። ልጅ እግር ነው፣ ጠመንጃው ደረቱ ላይ። እጄን አነሳሁ። ሴትዮዋ ወደ ላይ አንጋጣ በቱርክኛ እንደ ልጇ ተቆጣችው፤ ጣቷን ወደ ጋሼ እየጠቆመች። ልጁም ግራ ገብቶት ሬዲዮ አነሳ፣ በእጁ ቁሙ አለን።

«አለቃውን እየጠየቀ ነው» አለችኝ። «ጠብቁ ይላል።»

ጠበቅን። አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር እግዜር ይወቅ። ጋሼ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ዘመሙ፤ ትከሻቸው ግድግዳውን ነካ።

«ታሟል?» አለችኝ።

«ስኳር። ስኳራቸው ወርዷል። ጁስ ካላገኙ...» ጀርባዬን አመለከትኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂዳ!»

አሁን የምነግራችሁ ለማሪያ ያልነገርኳት፣ ለሌሎች ነግሬም ያላመኑኝ ነው። አልሄድኩም። ቀዩ ምልክት ፊቴ ነው፣ ጠመንጃው በላዬ ነው፣ ያ የጦር ሜዳው ልጅ በአንድ እግሩ ሲንፈራገጥ ይታየኛል። መሬቱ ውስጥ ፈንጂ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እግሬ ግን አለ ብሎ ወስኗል። የማውቃቸው፣ ጥፍራቸውን የምቆርጥላቸው፣ በየማታው ካልሲያቸውን የማወልቅላቸው ሰው ሠላሳ እርምጃ ርቀው እየሞቱ እኔ እጄን አንስቼ ቆሜያለሁ።

ሴትዮዋ አንድ ጊዜ አየችኝ። ቦርሳውን ከጀርባዬ ላይ አወለቀችው፣ ልክ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ቦርሳ እንደሚወለቅለት። ቀሚሷን ሰብስባ ሽቦውን ተሻገረች። ወታደሩ ጮኸ፣ ጠመንጃውን አነሳ። እሷ ዞራም አላየችው፤ በነጠላ ጫማዋ ድንጋዩን እየረገጠች፣ እየተሳደበች ሄደች። እኔ የወታደሩን ጣት እያየሁ ትንፋሼን ያዝኩ። አልተኮሰም።

እሷ መሀል ስትደርስ ነው የኔ እግር የተነሳው። የረገጠችውን ብቻ እየረገጥኩ ሄድኩ፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ስደርስ የጋሼን ራስ ክንዷ ላይ አስደግፋ ጁሱን በጠብታ እያጠጣቻቸው ነበር። ፊታቸው በላብ ርሷል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ከረሜላውን ሰባብሬ ከምላሳቸው ሥር አደረግሁ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዘግይተሃል» አሉኝ።

ከዚያ ወታደሮቹ መጡ። አንዱ ክንዴን ጠምዝዞ ያዘኝ። ጋሼን በአምቡላንስ ወሰዷቸው፣ እኔንና ሴትዮዋን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮት የለም። ፓስፖርቴን ወሰዱት። አንድ መኮንን እየገባ እየወጣ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ ለምን ገባህ፣ ማን ላከህ፣ ፎቶ አንስተሃል? የምትኖረው አሜሪካ ከሆነ እዚህ የማን ሽማግሌ ነው የምትጠብቀው? ግባ እየተባለ ሰው ለምን ከቤት ውጪ ይቆማል? እኔ ላብ በላብ ሆኜ እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ እቀራለሁ አልኩ በልቤ፤ ማንም አያውቀኝም፣ ማንም አይፈልገኝም።

መኮንኑ ሲወጣ ሴትዮዋ ጎንበስ አለችና ጠየቀችኝ። ስሟ ፋጥማ ነው።

«ለምን አልገባህም?»

«ሁለተኛ እስክትጠሪኝ ነበር የምጠብቀው» አልኳት። «ባገሬ መጀመሪያ እምቢ ይባላል።»

ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች።

«ባገሬም ይባላል» አለች። «እኔ ግን... የሰው ቤት ነው የምኖረው፤ የሱ ቤት። አንተ ደጃፌ ላይ ቆመህ እምቢ ስትል፣ 'በሰው ቤት የምትኖሪ፣ አንቺ ቤት አልገባም' ያልከኝ መሰለኝ። አፍሬ ነው ደግሜ ያልለመንኩህ።»

ያ ፊቷ ላይ ያለፈው ነገር ያኔ ገባኝ። እኔ በጨዋነት እምቢ አልኩ፣ እሷ በሐፍረት ተወችኝ። በመሀላችን ሽማግሌው ወጥተው ሄዱ።

ሐኪም ቤቱ ደውሎላት ኖሮ፣ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና ማሪያ ገባች። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ እጇ ላይ ፓስፖርቷን እንደ ቢላ ይዛዋለች። አሳይታ ነው የገባችው። ሰው የማያየው ነገር የለም፤ ያን ሁሉ ዓመት አላሳይም ያለችውን በአንድ ከሰዓት አሳየች።

«ሐኪም ቤት ነው፣ ደህና ነው» አለች። ከዚያ ፊቴ ላይ ጮኸች። «አንድ ደቂቃ! አንድ ደቂቃ ብዬ ጽፌልህ ነበር! አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ግባ አሉኝ፣ አልገባሁም።»

«ለምን?»

ምን ልበላት? ፋጥማ ቀድማኝ በግሪክኛ መለሰችላት። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ብቻ ማሪያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አመሻሹ ላይ ለቀቁን፤ ጋሼን ከሐኪም ቤት ወስደን ተመለስን።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሆቴሉ አልጋ ላይ ተቀምጠው ኮታቸውን እያለበስኳቸው «ዛሬ ነው አይደል ቤቴን የምናየው?» አሉኝ። ማሪያ ይህን ሰምታ ከክፍሉ ወጣች። አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ «ከኛ ጋር መሥራት ትፈልጋለህ ወይስ ይብቃህ?» አፌ «አንቺ እንዳልሽ» ሊል ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። «እፈልጋለሁ» አልኩ። አሁንም እዚያው ነኝ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠኝ ብትሉ ይህን ነው የምላችሁ። ወታደር ሳለሁ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ካምፓችን መጥቶ «መማር ትፈልጋለህ?» ብሎኝ ነበር። ልቤ እየዘለለ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ። ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ሃያ አራት ዓመት ፊደል ሳላውቅ የኖርኩት በዚያች አንዲት ቃል ነው። በአርባ ዓመቴ እዚህ ያስተማረችኝ ሴት ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ያገሬ ሰው ስለሆነች ታውቃለች። ዓለም ግን ሦስት ጊዜ አይጠይቅም። ደግሞም የሚጠይቀን ሰው የራሱ ሐፍረት አለው፤ ያን እኛ አናይም። የኛን ጨዋነት ብቻ ነው የምናየው። አሁን ሰው ብላ ሲለኝ ከፈለግሁ እበላለሁ፣ ካልፈለግሁ አልፈልግም እላለሁ። ስድ ይሉኛል። ይበሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካልኝም። ፌርፋክስ ስመለስ፣ ማን እንዳደረሰው እንጃ፣ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ተክሌ በሰው ፊት ትከሻዬን እየመታ «ይኸው ጀግናው! ጠመንጃ ተደቅኖበት ሽማግሌ ያወጣ!» አለ።

«እኔ አይደለሁም ያወጣሁት» አልኩ። «አንዲት አሮጊት ናት። እኔ ቆሜ ነበር።»

«ኧረ ተው አታካብድ፣ ትሕትናህን እናውቃለን!»

«ተክሌ፣ ፈርቼ ነው የቆምኩት።»

«ይኸውላችሁ! ጀግና ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚለው!» ጠረጴዛው ሁሉ አጨበጨበ። ሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ባሰባቸው፤ አንዷ ተነስታ ሳመችኝ።

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ቆሜ ነበር። የሄደችው ፋጥማ ናት።